አውሮፕላን የጎተተ መኪና ለምን ከአንድ ሳጥን ጋር ይታገላል?

በ2017 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ፖርሽ ካየን የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ380 አፍንጫ ሥር ተጠመደች። መኪናዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ናፍጣ ናት፤ አውሮፕላኑ 285 ቶን ይመዝናል። ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ፣ ብረቱ ተወጠረ፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ነገር 42 ሜትር ተንከባለለ። ክብረ ወሰን ተብሎም ተመዘገበ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ አንድ ድምዳሜ ይዞ ተነሣ፦ ናፍጣ ቅንጡ መኪና ያለው ሰው የማይጎትተው ነገር የለም።

የዚያችው ካየን መመሪያ ላይ የተጻፈው ግን 3,500 ኪሎ ነው። በፓሪስ የተጎተተው ከዚህ ሰማንያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ኩባንያው ታዲያ የቱ ላይ ዋሸ? የትም አልዋሸም። ደረቅና ሜዳ መሬት ላይ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ጎማ የሚጠይቀው ጉልበት ከተሸከመው ክብደት ጥቂቱን ብቻ ነው። ዳገት የለ፣ ነፋስ የለ፣ ቁልቁለት ላይ ማቆም የለ። ቮልስዋገን በ2006 እንግሊዝ አገር ውስጥ ቱዋሬግን ቦይንግ 747 ሲያስጎትት የሞተር ጉልበት አላነሰውም፤ ጎማዎቹ መሬት ቆንጥጠው እንዲይዙ መኪናዋ ላይ ከ4 ቶን በላይ ብረት መጫን ነበረበት። የናፍጣ ሞተር ከታች ጀምሮ የሚሰጠው የማሽከርከር ጉልበት፣ ቶርክ የሚሉት፣ እውነትም ብዙ ነው። ችግሩ መጀመሪያ የሚሸነፈው ሞተሩ አለመሆኑ ነው።

ይህ ወሬ የሚደምቀው አሜሪካ ውስጥ ነው። ከ2015ቱ የጭስ ማጭበርበር ቅሌት በኋላ የጀርመን አምራቾች ናፍጣ መኪኖቻቸውን ከዚያ ገበያ ስላወጡ፣ ያገለገሉ ቱዋሬጎች፣ አውዲ ኪው7ና ቢኤምደብልዩ ኤክስ5 ለመጎተት ተብለው ይፈለጋሉ። ከኋላቸው የሚታሰረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝግ ተሳቢ ነው፤ በአራት ማዕዘን በቆርቆሮ የታሸገ፣ የኋላ በሩ ወደ መሬት ወርዶ መወጣጫ የሚሆን ሳጥን። የእሽቅድምድም መኪና ይገባበታል፣ የድግስ ዕቃ ይገባበታል፣ ከስቴት ወደ ስቴት የሚዛወር ቤተሰብ ጓዝ ይገባበታል።

በብዛት የሚታየው ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ባለ ሁለት አክስል፣ ከነጭነቱ ከ3,175 ኪሎ እንዳያልፍ የተፈቀደለት ነው። ገዢው «3,175 ከ3,500 ያንሳል፤ በቃ» ይላል። ሳጥኑ ግን ባዶውን ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎ ይመዝናል። የቀረው ቦታ አንዲት ቀለል ያለች መኪና ብቻ የምትገባበት ነው፤ የመፍቻ ሣጥን፣ ትርፍ ጎማና ጄነሬተር ሲጨመርባት ያልፋል።

የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ያላለፈ ቢሆን እንኳ ሌላ ቁጥር አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ተሳቢ ከኋላ ብቻ አይጎተትም፤ አንገቱ ጋንቾው ላይ ይጫናል። በአሜሪካ የተለመደው ምክር ይህ ጭነት ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን የሚል ነው፤ ካነሰ ተሳቢው ጭራውን መቁላት ይጀምራል። የ3,175 ኪሎ 10 በመቶ 317 ኪሎ ነው። የቱዋሬግ ጋንቾ ወደ ታች የሚሸከመው ግን 280 ኪሎ ነው። ያው 3,500 ኪሎ መጎተት ትችላለች የተባለችው መኪና፣ በአሜሪካው ልማድ ከተጫነች፣ 2,800 ላይ ትቆማለች ማለት ነው።

ተቃርኖው የሚፈታው ወደ ትውልድ አገሯ ሲሄዱ ነው። ጀርመን ውስጥ ተሳቢ የያዘ መኪና ከከተማ ውጭ በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ 100 ይደርሳል። የአውሮፓ ተሳቢዎች ጎማቸው ወደ መካከል የቀረበ፣ ጋንቾ ላይ የሚያሳርፉት ክብደትም ትንሽ ነው። የ3,500 ኪሎው ቁጥር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ አነዳዱ ግን አልተሻገረም።

በዚህ ላይ የተሳፋሪው ጉዳይ አለ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ትንሽ ወረቀት ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ይናገራል። የመስታወት ጣሪያ፣ የሚያሞቅ ወንበርና ሦስተኛ ረድፍ የተጨመረበት መኪና እነዚህን ሁሉ የሚሸከመው ከዚሁ ቁጥር እየቀነሰ ነው። ወረቀቱ 600 ኪሎ ካለ፣ እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሆኑ አምስት ሰዎች 375 ይወስዳሉ። የተሳቢው 280 ሲታከልበት 655 ሆነ። ሻንጣ ገና አልተጫነም።

ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ወደ ውስጥ እየተነዳች ነው እንበል፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ለመውጣት እንዲመቸው ከቦታዋ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አቆማት። ከጋንቾው እስከ ተሳቢው ጎማዎች መካከል 4.5 ሜትር ካለ፣ ያቺ ጥቂት ስንዝር ከጋንቾው ላይ 100 ኪሎ ታነሣለች። ከውጭ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ በሩ ተዘግቷል፣ ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው አውራ ጎዳና ላይ ነው።

«የእኔ እኮ የአየር ሞላ አላት፣ ራሷ ትስተካከላለች» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ዓይን ይመሰክርለታል። መኪናዋ ከኋላ ስትጎብጥ ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል፣ ጀርባዋ ቀና ይላል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይነዳል። ቀና አለች እንጂ ክብደቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጋንቾው ከኋላ ጎማ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.9 ሜትር ካለ፣ 280 ኪሎ ሲጫን የኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 396 ኪሎ ነው። ትርፉ 116 ኪሎ የመጣው ከፊት ጎማዎች ተነሥቶ ነው፤ መሪ የሚታዘዙትና አብዛኛውን ፍሬን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ክብደቱን መልሶ ወደ ፊት የሚገፋው ሚዛን አከፋፋይ ጋንቾ ነው፤ እሱንም አንዳንዱ አምራች ያዛል፣ አንዳንዱ ይከለክላል። መመሪያውን ሳያዩ መግጠም አይገባም።

ነፋሱ ደግሞ አለ። ክፍት ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው «ክብደቱ አንድ ከሆነ ያው ነው» ይላል። አይደለም። የሳጥኑ የፊት ግድግዳ የመኪናዋን የፊት ስፋት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ነፋስ ደግሞ በፍጥነት ልክ ብቻ አይገፋም። ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲኬድ ግፊቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ሞተሩ እሱን ለማሸነፍ የሚያወጣው ጉልበት ግን ከ80 በመቶ በላይ ይጨምራል። ለዚህ ነው ሜዳ መንገድ ላይ ባዶ ሳጥንም እንደ ሙሉው ነዳጅ የሚጠጣው። የጎን ነፋስማ ባዶውን ይበልጥ ይወዳል። ካሊፎርኒያ ተሳቢ ለያዘ መኪና 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የወሰነችው በከንቱ አይደለም፤ ብዙ የተሳቢ ጎማዎችም የተሠሩት ከ105 ለማያልፍ ፍጥነት ነው።

ናፍጣ ቁልቁለት ላይ ራሱ ይይዛል የሚሉም አሉ። ይህ አባባል የመጣው ከከባድ መኪና ሳይሆን አይቀርም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር በትንሽ ማርሽ፣ የጭስ ፍሬኑን እያስጮኸ ሲወርድ ያየ ሰው ናፍጣ ሁሉ እንዲያ ይመስለዋል። የያዘው ግን ለብቻው የተገጠመው መሣሪያ ነው። ቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲለቀቅ የአየር መግቢያውን ዘግቶ ፒስተኖቹን ያስጨንቃል፤ ናፍጣ ሞተር ያንን መዝጊያ ስለማይጠቀም የጨመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚታመነው የተሳቢው የራሱ ኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ከ1,360 ኪሎ ለሚበልጥ ተሳቢ ፍሬን ግዴታ አድርገዋል፤ ይሁንና መኪናዋ ውስጥ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመ ያ ፍሬን ብረት ብቻ ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ ሲጀምር ነዳጅ ሰጥቶ ማቃናት ይቻላል የሚለው ምክር ሰው ይገድላል። ፍጥነት ውዝዋዜውን ይመግበዋል። እግርን ከነዳጅ ማንሣት፣ መሪን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ቀስ አድርጎ መጫን ነው የሚያዋጣው።

አድብሉን የረሳ ሰውም ይኖራል። ይህ የናፍጣ ጭስ ማጽጃ ፈሳሽ በጭነት ጊዜ ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ መኪናዋ አንዴ ከጠፋች አትነሣም።

በአሜሪካ ረጅም መንገድ ጭነት የሚያመላልሱ ሐበሻ ሾፌሮች ይህን ሁሉ ክርክር የሚዘጋውን ነገር በየሳምንቱ ይረግጡታል፤ የከባድ መኪና ማረፊያዎች ሚዛን ነው። ለትንሽ መኪናም ክፍት ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። የፊት ጎማ፣ የኋላ ጎማ፣ የተሳቢው ጎማ በየራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይቆማሉ፤ ወረቀት ይወጣል። ከዚያ ተሳቢውን ፈትቶ፣ ያንኑ ሰው ይዞ፣ መኪናዋን ብቻዋን ደግሞ መመዘን ነው። የሁለቱ ወረቀቶች የመኪና ድምር ሲቀናነስ የሚቀረው ጋንቾው የተሸከመው ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ቁጥር ደግሞ ስንት ኪሎ እንዳጡ ይናገራል።