ሠላሳው ሊትር የት ገባ?

የመኪና ነዳጅና የባልና ሚስት መተማመን

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት ይህን ርዕስ ስታዩ "በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ ቤንዚን ምን ይጻፋል?" ትሉ ይሆናል። እኔም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያ ባልኩ ነበር። ነገር ግን በቤቴ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ያጋጨኝ፣ ለሁለት ወር ያህልም በአንድ ማዕድ ተቀምጠን በዝምታ እንድንበላ ያደረገን ነገር የነዳጅ ሒሳብ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

የምንኖረው በቡሌ ሆራ ነው፤ በዕድሜ የገፉት አሁንም ሀገረ ማርያም የሚሏት ከተማ ናት። ባለቤቴ መጋቢ ነው። የሚጎበኛቸው ሰዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ተበትነው ይኖራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሰሜን እስከ ዲላ፣ ወደ ደቡብ እስከ ያቤሎ ይሄዳል። በቦረና ድርቁ በጠናበት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም ደግሞ መንገዱ በዛ። በዚያን ጊዜ ምእመናን አዋጥተው ለአገልግሎት የምትሆን ያገለገለች ቶዮታ ቪትስ ገዙ፤ ሞተሯ ባለ 1 ሊትር ነው። ሻጩ "ይቺ መኪና ነዳጅ ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም፤ በአንድ ሊትር 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" አለ። ሁላችንም ደስ አለን።

ሽማግሌዎች በዚያው ቃል በጀት አወጡ። መኪናዋ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ለ20 ሲካፈል 50 ሊትር ይሆናል። በወሩ መጨረሻ ግን የተቀዳው ወደ 80 ሊትር ሆነ። በሁለተኛውም ወር እንዲሁ። ገንዘብ ያዣችን በትሕትና ጠየቀ፤ ሌሎች ግን ሹክሹክታ ጀመሩ። "ሠላሳው ሊትር የት ገባ?" የሚለው ጥያቄ ከቢሮ ወጥቶ ቡና እስከሚጠጣበት ቤት ደረሰ።

እኔስ? ከባለቤቴ ጎን መቆም ሲገባኝ አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቼ "እስቲ አንተው ንገረኝ፣ ለማን እየሰጠህ ነው?" አልኩት። ለተቸገረ ሰው መስጠት እንደሚወድ አውቃለሁና ከቤተ ክርስቲያን ነዳጅ ለዘመድ የሚቀዳ መሰለኝ። እርሱ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና "ከእኔ ይልቅ የመኪናውን ሻጭ አመንሽ" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋን አቁሞ በባጃጅና በእግሩ ይሄድ ጀመር። የባጃጁን ሒሳብ ይከፍል የነበረው ከራሱ ኪስ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

20 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ሻጩ ዋሽቷል ማለት አልችልም። ምናልባት የሰማውን ነው የነገረን። ችግሩ ያለው ቁጥሩ በተለካበት ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካዎች በወረቀት ላይ የሚያወጡት የነዳጅ ፍጆታ በመንገድ ላይ የተለካ አይደለም። መኪናዋ በቤተ ሙከራ ውስጥ ጎማዎቿ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ተደርገው፣ በተወሰነ ፕሮግራም ትፋጠናለች፣ ትቆማለች። ነፋስ የለም፤ ዳገት የለም፤ ከኋላ የተቀመጡ አራት እናቶችም የሉም።

በጃፓን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲሠራበት የቆየው ፈተና "አሥር አሥራ አምስት ሞድ" ይባል ነበር። ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቪትስ ለገበያ የቀረበችው በ1999 በመሆኑ የቀድሞዎቹ ቪትሶች ቁጥር የተገኘው በዚህ ዓይነት ፈተና ነው። የአውሮፓውም የቀድሞ ፈተና 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በ20 ደቂቃ የሚሸፍን የዝግታ ጉዞ ነበር። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት የአውሮፓ መኪኖችን ባጠና ጊዜ፣ በወረቀቱና በእውነተኛው መንገድ መካከል ያለው ልዩነት በ2001 ወደ 9 በመቶ የነበረው በ2015 ወደ 42 በመቶ ማደጉን አገኘ። አውሮፓውያን ፈተናውን ረዘም ባለና ፈጠን ባለ ሌላ ፈተና መተካት የጀመሩት በ2017 ነው።

እንግዲህ በሠለጠነው አገር፣ በአዲስ መኪናና በለሰለሰ አስፋልት ላይ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ በእኛ ዳገትና በእኛ አሮጌ መኪና ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

እንዴት ለካነው?

መፍትሔው የመጣው ከአሥረኛ ክፍል ተማሪው ልጃችን ነው። "ለምን አንለካውም?" አለ። ዘዴው ቀላል ስለሆነ እናንተም ሞክሩት።

በመጀመሪያ ታንከሩን ሙሉ አስሞሉ፤ ቀጂው ራሱ ሲያቆም በቃ፣ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በደብተር ጻፉ። እንደ ልማዳችሁ ንዱ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ሙሉ አስሞሉና የገባውን ሊትርና አዲሱን ኪሎ ሜትር ጻፉ። የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። ለምሳሌ 325 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 25 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግሙ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በማደያዎች የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት መንገዶች ስለሆነ፣ ስልካችሁ ላይ የሚመጣው መልእክትም ጥሩ ምስክር ይሆናችኋል።

እኛ ሦስት ወር ለካን። በከተማ ውስጥ በአጭር በአጭር ጉዞ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኘን። በአስፋልት በረጅም ጉዞ 15 ገደማ። የወሩ ጉዞ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ መንገድ ስለሆነ 500 ለ11 ሲካፈል 45 ሊትር ተኩል ያህል፣ 500 ለ15 ሲካፈል ደግሞ 33 ሊትር ያህል ይሆናል። ድምሩ 79 ሊትር ነው። ውድ አንባቢ፣ ሠላሳው ሊትር ተገኘ! ማንም አልወሰደውም። ከመጀመሪያውኑ ያልነበረ ቁጥር ላይ ቆመን ነበር ሰው የከሰስነው።

ነዳጁን የሚበላው ምንድን ነው?

ደብተሩ ሌላም ነገር አስተማረን፤ ከቁጥሮቹ መካከል ከፍና ዝቅ የሚሉት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ጀመርን።

1. አጭር ጉዞ፦ ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሣ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ጠዋት ገበያ፣ ተመልሶ ቤት፣ እንደገና ቢሮ ከመሄድ ሦስቱን ጉዳይ በአንድ ዙር መጨረስ ይሻላል። የቅርቡን በእግር መሄድ ደግሞ ለጤናም ይበጃል።

2. ፍጥነት፦ አየር የማይታይ ግድግዳ ነው። ፍጥነታችን ከ80 ወደ 110 ሲጨምር አየሩ የሚገፋን ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ወደ ያቤሎ ሲኬድ ሜዳው ሲሰፋ እግር ይፈታተናል፤ ይሁን እንጂ በ80 የሄድንበት ቀን ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያገኘንበት ነበር። የከብትና የግመል መንጋ በሚያቋርጥበት መንገድ ደግሞ ዝግታ ነፍስም ያድናል።

3. ፖርቶመጋላ፦ የመዘምራኑን ድምፅ ማጉያ ጣሪያ ላይ ጭነን ዲላ በሄድንበት ቀን ቁጥሩ ወደ 11 ተኩል ወረደ። ዕቃ የማይጫንበት ጊዜ ከሆነ ፖርቶመጋላውን ማውረድ ያዋጣል።

4. የጎማ ነፋስ፦ የለሰለሰ ጎማ ሞተሩን ያስለፋል፤ በጎኑም ይበላል። በየሁለት ሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ ማስለካት ጥቂት ደቂቃ ነው። ልኩ በአብዛኛው በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ ተጽፏል።

5. ካንዴላና የአየር ፊልትሮ፦ የእኛ አገር አቧራ ፊልትሮን ቶሎ ይዘጋል። በተለይ ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ የታፈነ ፊልትሮና ከፍታ ተደምረው ነዳጅ ያባክናሉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነውና ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ ይበዛል።

6. ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት፦ ብዙዎች ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ይለቋታል። ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ መኪናዋ ነዳጁን ራሷ ትዘጋለች፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቷን ትቀጥላለች። ከሁሉም በላይ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ሊል ይችላል።

7. የጠርሙስ ቤንዚን፦ ወረፋው ሲበዛ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን የገዛንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሊትሩ ሙሉ አልነበረም፤ ሞተሩም ሲንተፋተፍ አገኘነው። ሕጉም አይፈቅድም። ቤንዚን በጀሪካን አድርጎ ከከሰልና ከቡታጋዝ አጠገብ፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት ማስቀመጥ ደግሞ እሳትን በእንግድነት መጋበዝ ነው።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?

መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ባለ ትዳሮች ይህን አዘውትረው ይጠይቁናል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው እዚሁ አገር ያገለገለውን ነው። ስለዚህ አስተውሎ መምረጥ ያስፈልጋል።

የናፍጣ ሞተር በእርግጥ ቆጣቢ ነው። አየሩን አብዝቶ ስለሚያምቅ ያለ ካንዴላ በሙቀት ብቻ ነዳጁን ያቀጣጥላል፤ ከነዳጁም የበለጠ ጉልበት ያወጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል። አንድ ትንሽ የቤንዚን መኪና በሊትር 14 ኪሎ ሜትር፣ እኩያዋ የናፍጣ መኪና 18 ብትሄድ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር 71 ሊትርና 56 ሊትር ይሆናል። ሊትሩን 120 ብር ብናስበው በወር የ1,800 ብር ልዩነት አለው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። በአገራችን ትንንሽ የናፍጣ የቤት መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ ናፍጣ የምናውቀው በፒክአፕ፣ በሚኒባስና በአይሱዙ ነው። "ናፍጣ ይቆጥባል" ብሎ ከቪትስ ይልቅ ከባድ ፒክአፕ የገዛ ሰው ቁጠባውን በክብደቱ ይበላዋል። ፖምፓውና ኖዝሉ ሲበላሹም ጋራዡ የሚጠይቀው ገንዘብ የወራት ቁጠባ ይወስዳል። የጭስ ማጣሪያ ያላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ በከተማ አጭር ጉዞ ብቻ ሲነዱ ማጣሪያቸው ይዘጋል። ስለዚህ በወር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የምትጓዙ ወይም ጭነት ያለባችሁ ከሆነ ናፍጣ ይጠቅማችኋል፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ለሆነ ቤተሰብ ግን ትንሿ ቤንዚን ትበቃለች።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ከ100 ብር አለፈ። ወጪው ሲጨምር በባልና ሚስት መካከል ጥርጣሬም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ሒሳቡን አብራችሁ አድርጉት። ደብተሩ በመኪናው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ የቀዳ ሁሉ ይጻፍበት። ይህ ደብተር ታማኙን ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ የሚሳሳተውንም ቶሎ ያሳየዋል። ሽማግሌዎችም ብትሆኑ ለአገልጋያችሁ በጀት ከማውጣታችሁ በፊት በሰማችሁት ቁጥር ሳይሆን በለካችሁት ተመሥረቱ።

የእኛ ገንዘብ ያዥ ደብተሩን ካየ በኋላ ራሱ መኪናዋን ለአንድ ሳምንት ይዞ ለካ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሞ "ቁጥሩ የተሳሳተው የእኛ ነው" አለ፤ በጀቱም ተስተካከለ። እኛም በበኩላችን ጎማውን አስለክተን፣ ፊልትሮ ቀይረን፣ ጉዞዎቻችንን አሰባስበን ፍጆታውን ወደ 70 ሊትር አወረድነው።

የእኔ ዕዳ ግን በደብተር የሚከፈል አልነበረም። በዚያው ምሽት ልጃችን ባለበት ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የከሰስኩት በድብቅ ቢሆንም ዝምታችንን ልጆቹ አይተውት ነበርና። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ነገ ዲላ አብረን እንሂድ፤ አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልንዳ" አለኝ።

ውድ እህቴ፣ ውድ ወንድሜ፣ በቤታችሁ ውስጥ ዛሬ የማይገጥም ቁጥር ካለ፣ ሰውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቁጥሩን መርምሩት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።