ባስ ሰርጥ ከመግባት በፊት

በየዓመቱ ዲሴምበር 26 ቀን ከሲድኒ ወደብ ለውድድር የሚነሱ የሸራ ጀልባዎች ታዝማኒያ ደሴት ላይ ያለችው ሆባርት ለመድረስ 628 ኖቲካል ማይል ይጓዛሉ፤ 1,163 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ በባሕር የሚተዳደሩ አይደሉም። ሌላ ሥራ አላቸው፤ የሚለማመዱትም በዕረፍት ቀናቸው ነው።

መንገዱን ከባድ የሚያደርገው ርቀቱ ብቻ አይደለም። ከሰሜን የሚወርደው የባሕር ጅረት ከደቡብ ከሚነሣ ብርቱ ነፋስ ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ሞገዱ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ዋናውን የአውስትራሊያ ምድርና ታዝማኒያን የሚለየው ባስ ሰርጥ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነገሩን ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተነሱት 115 ጀልባዎች ሆባርት የገቡት 44 ብቻ ናቸው። አምስት ጀልባዎች ሰመጡ፣ ስድስት ሰዎች ሞቱ፣ 55 ሰዎች ደግሞ በነፍስ አድን ሠራተኞች ተረፉ።

ዛሬ ማንኛውም ጀልባ ሰርጡን ከማቋረጡ በፊት ግሪን ኬፕ ከተባለው ቦታ አጠገብ ሲደርስ፣ ጀልባውም ሰዎቹም ለመቀጠል ብቁ መሆናቸውን በሬዲዮ ማሳወቅ አለበት። የወራት ዝግጅት ሁሉ መለኪያው ይህ ቃል ይመስለኛል። ካፒቴኑ እውነቱን ሊናገር የሚችለው ሰዎቹን በቀን ብርሃን ሳይሆን በጨለማ፣ በብርድና በማቅለሽለሽ ውስጥ ሲሠሩ አይቷቸው ከሆነ ነው።

ስለዚህ ልምምዱን ወደ ሌሊት ውሰዱት። ትንሿን የማዕበል ሸራ መጀመሪያ ወደብ ላይ ስቀሏት፤ ገመዷ የት እንደሚታሰር እጃችሁ ይወቀው። ከዚያ ባሕር ላይ፣ መብራት አጥፍታችሁ ድገሙት። ዋናውን ሸራ መቀነስ ያለባችሁ ነፋሱ ሳይበረታ ነው፤ ከበረታ በኋላ ሦስት ሰው የሚሠራው አምስት ሰው ያደክማል። ማንም ሰው ከውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ እግሩን ከማንሣቱ በፊት የመታጠቂያውን ገመድ ይቆልፍ። ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ ግንድ በሚወዛወዝበት መስመር ላይም ጭንቅላቱን አያቁም። እ.ኤ.አ. በ2024 ውድድር በመጀመሪያው ሌሊት፣ በሁለት የተለያዩ ጀልባዎች ላይ፣ አንዱን ሰው ይህ ግንድ፣ ሌላውን ደግሞ ሸራውን የሚቆጣጠረው ገመድ መትቶ ገድሏቸዋል።

ምግብና እንቅልፍ ላይ አልዘገይም፤ ተራ አውጥታችሁ ተኙ፣ በቀላሉ የሚሞቅ ምግብ ያዙ፣ የማቅለሽለሽ ክኒን ሕመሙ ሳይጀምር ዋጡ።

ብዙ ሰው በአየር የምትሞላውን የነፍስ አድን ጀልባ ከገዛ ዝግጅቱ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1979 እንግሊዝ በተካሄደው የፋስትኔት ውድድር 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። በማዕበሉ መካከል 24 ጀልባዎች በሰዎቻቸው ቢተዉም የሰመጡት አምስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ባዷቸውን ሲንሳፈፉ ተገኝተዋል። ስለዚህ ጀልባውን ከመተው በፊት እሱን ለማዳን እንድትችሉ፣ የውሃ መሳቢያ ፓምፑን፣ የተሰበረ መስኮት የሚደፈንበትን ጣውላና ምሰሶ ሲወድቅ ሽቦውን የሚቆርጠውን መቁረጫ ከነፍስ አድን ጀልባዋ እኩል በሚደረስበት ቦታ አስቀምጡ።