አባ ኮዳ፦ ተፈጥሯዊ ባሕርዩና ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ጥንቃቄ

አባ ኮዳ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ በሚገኙ የአፍሪካ አገራት የሚኖር፣ ከሽመላ ዘሮች መካከል በግዝፈታቸው ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። በአገራችን በተለይ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ በብዛት ይታያል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ የሄደ ሰው፣ ዓሣ ከሚያጸዱት ነጋዴዎች አጠገብ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ሳያየው አይመለስም።

ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል ሊበልጡ ይችላሉ። ራሱና አንገቱ ላባ አልባ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህም በጥንብ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ለሚመገብ ወፍ ይጠቅማል፤ ላባ ቢኖረው ኖሮ በደምና በስብ ተለውሶ ለማጽዳት ይቸገር ነበር። እግሮቹ ነጭ መስለው ቢታዩም የተፈጥሮ ቀለማቸው ጠቆር ያለ ነው። ንጣቱ የሚመጣው ወፉ በሙቀት ጊዜ በገዛ እግሩ ላይ ስለሚጸዳዳ ሲሆን፣ እርጥበቱ በሚተንበት ጊዜ ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል።

ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ቀላ ያለ ከረጢት ነው። የዋጠውን ምግብ የሚያጠራቅምበት ይመስላል። በእውነቱ ግን ከረጢቱ በአየር የሚሞላ እንጂ ምግብ የሚቀመጥበት አይደለም፤ ወፉ ራሱን ለጓደኛው ወይም ለተቀናቃኙ ለማሳየት ይነፋዋል። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የሚገኘው የላቲን ቃልም «ከረጢት ተሸካሚ» ማለት ነው።

አባ ኮዳ ትልቅና ጠንካራ መንቆር ቢኖረውም እንደ ጥንብ አንሳ ሥጋ መቦጨቅ አይሆንለትም። ስለዚህ በጥንብ ዙሪያ ጥንብ አንሳዎቹ ቆዳውን እስኪቀዱ ይጠብቃል፤ ቁራሽ ሲወድቅ ወይም ከሌላው አፍ ሲያገኝ ነጥቆ ይውጣል። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ አይጥና አንበጣም ይመገባል። የሣር ቃጠሎ ሲነሣ ከእሳቱ የሚሸሹትን ነፍሳትና ትናንሽ እንስሳት ለመልቀም ወደ ሥፍራው ይመጣል። በቄራዎችና በቆሻሻ መጣያዎች አካባቢ ሊበሰብስ የነበረውን ተረፈ ምርት በማንሣት የሚሰጠው አገልግሎት፣ በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ ባይሰፍርም፣ ቀላል አይደለም።

ጎጆውን በዛፍ ላይ በጭራሮ ይሠራል፤ ብዙ ጥንዶችም በአንድ አካባቢ ተሰባስበው ይራባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚራባው በደረቁ ወራት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ውኃው ስለሚጎድል ዓሣና እንቁራሪት በቀላሉ ይገኛሉ። ሴቷ ከ2 እስከ 3 እንቁላል ትጥላለች፤ ወላጆቹ እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ለመብረር ከሦስት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል፤ ለመራባት የሚደርሱት በአራት ዓመታቸው ገደማ ነው። ጎጆ ያለበትን ዛፍ በዚህ ወቅት መቁረጥ የአንድ ዓመት ልፋታቸውን በአንድ ቀን ያጠፋል።

ዝርያው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ባይመደብም፣ በአካባቢ ደረጃ የሚደርስበት አደጋ አለ። ከሁሉ የከፋው መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ የታለመለትን እንስሳ ገድሎ አያበቃም፤ ሬሳውን የሚበሉትን ጥንብ አንሳዎችና አባ ኮዳዎችንም ይፈጃል። ስለዚህ በመርዝ የሞተ እንስሳ በሜዳ ሊጣል አይገባም፤ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ይኖርበታል። ሁለተኛው ፌስታል ነው። ወፉ የሥጋ ወይም የዓሣ ሽታ ያለውን ነገር ሁሉ ሳይመርጥ ስለሚውጥ፣ የዓሣ አንጀትና ቅርፊት ከነፌስታሉ መጣል የለበትም። ሐይቅ ዳር የሚዝናኑ ጎብኚዎችም ምግብ ከነመጠቅለያው እንዳይወረውሩለት ይመከራል።

የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል፣ መያዝም ሆነ መነገድ በሕግ የተከለከለ ነው። የተጎዳ አባ ኮዳ ያገኘ ሰው በመንቆሩ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል በባዶ እጁ ለመያዝ መሞከር አይገባውም፤ ልጆችንም ከአካባቢው ማራቅ ያስፈልጋል። በአንድ ሥፍራ በርካታ አእዋፍ ሞተው ከተገኙ ሬሳቸውን ሳይነኩ፣ ቦታውንና የታየበትን ሰዓት በመግለጽ፣ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በቅርብ ለሚገኝ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።