ከዓረብ አገር የሚላክ ገንዘብና የቤተሰብ ጤና

በሥነ ልቦና ምክር ሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ይህን ሁሉ እየላክሁ ልጄ ለምን አያናግረኝም?»

ብዙ እናቶች ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆቻቸውን ለአያት ወይም ለአክስት ትተው ነው። ከሚልኩት ገንዘብ ከፊሉ በቀጥታ ጤና ላይ ይውላል፦ ለአያት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለጤና መድን መዋጮ፣ ለልጆች ወተት። ወሬው ግን እንደ ገንዘቡ አይደርስም። እናት በኢሞ ስትደውል ወገቧን እያመማት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ አያትም የራሳቸውን ሕመም ይደብቃሉ። በካፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ስለዚህ አሠሪዎቿ ስልኳን ከቀሟት ድምጿ ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ልጁ ይህን ከየት ያውቃል? «ትታኛለች» ብሎ ይደመድማል።

እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ብዙ ይረዳሉ። ቤይሩት ውስጥ በዕረፍት ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ ሴቶች የታመመችውን ያስታምማሉ፤ አዋጥተውም ወደ አገሯ ይሸኛሉ። ይኸው ትውውቅ ግን መልሶ ይጎዳል፦ የጎረቤት አዲስ ቤት ፎቶ በፌስቡክ ሲዞር ሌላዋ ትነሣሣለች፤ ጉዞውን የሚያመቻቸው ደላላም (ይህን መናገር ይከብዳል) አንዳንዴ ዘመድ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዞውን በ2006 ዓ.ም. ለጊዜው ሲያግድም በድብቅ መሄዱ አልቆመም።

ልትሄድ የተነሣች እናት የአሠሪዋን አድራሻና እዚያ ያለች የጓደኛዋን ስልክ ለአያት ትስጥ። ለምን እንደምትሄድም ለልጁ ራሷ ትንገረው። ከሄደች በኋላ ልጁ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ ወይም ትምህርት ከጠላ፣ እናንተ አሳዳጊዎቹ አትቆጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።