ሕፃናትን ለመዋዕለ ሕፃናት የማዘጋጀት ሥራ በቤት ውስጥ ይጀመራል

መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በመዋዕለ ሕፃናት በሮች ላይ በየዓመቱ የሚታየው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። አንዳንዶቹ ሕፃናት ቦርሳቸውን አንግበው ሲገቡ ሌሎቹ የወላጆቻቸውን ልብስ ጨብጠው ያለቅሳሉ። የቢሮ መግቢያ ሰዓት የደረሰበት ወላጅም ልጁን ለመምህርቷ አስረክቦ በጥድፊያ ይሄዳል። የሕፃናት ጠባይ የተለያየ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚያያዘው ፊደል ከመቁጠር ጋር ሳይሆን ሕፃኑ ያለፈውን ክረምት በቤት ውስጥ ካሳለፈበት ሁኔታ ጋር ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በሕፃናት ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር አመልክቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን 2 ዓመት አድርጎታል። እነዚህ ዓመታት የተመደቡት ሕፃናቱ በጨዋታ እየታገዙ ለ1ኛ ክፍል እንዲዘጋጁ ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ወላጆች በሐምሌና በነሐሴ 231ዱን ፊደላትና የእንግሊዝኛውን ሆሄያት በአንድ ላይ ለማስያዝ ሲጣደፉ ይስተዋላል። ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ደብተር ሲያይ ፊቱን ማጥቆሩ ነው።

ቀዳሚው ዝግጅት መለየትን ማለማመድ ነው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ የነበረ ሲሆን፣ በማቆያ የዋሉ ሕፃናት ከወላጅ መራቅን አስቀድመው ያውቁታል። ከአያት ወይም ከሞግዚት ጋር በቤት ላደጉት ግን ነገሩ እንግዳ ነው። በመሆኑም ሕፃኑን በመጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎም ለግማሽ ቀን እንደ አክስት ቤት ባለ የታመነ ቦታ እየተዉ መመለስ ይጠቅማል። ሲለዩት ተደብቆ ማምለጥ አይገባም፤ ያለቅሳል ተብሎ የሚደረገው ይህ ዘዴ ሕፃኑ ሁልጊዜ በር በር እንዲያይ ያደርገዋል። ተሰናብቶ መሄድና የመመለሻውን ጊዜ እርሱ በሚገባው መንገድ መንገር የተሻለ ነው። የአራት ዓመት ልጅ «ዘጠኝ ሰዓት» ቢሉት አይገባውም፤ «ምሳህን በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ» ቢሉት ግን ይጠብቃል። «ቆይ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህርቷ ትገርፍሃለች» የሚለው የተለመደ ማስፈራሪያም የሁለት ወር ልፋትን በአንድ አፍታ ያፈርሳል።

ሌላው ራስን መርዳት ነው። በአንዲት መምህርት እጅ በርካታ ሕፃናት ስለሚውሉ፣ የእያንዳንዱን ምሳ ዕቃ መክፈትና ሱሪ ማውለቅ አዳጋች ይሆናል። ሕፃኑ ምሳ ዕቃውንና ኮዳውን መክፈትና መግጠም፣ ሽንቱ ሲመጣ መናገር፣ እጁን በሳሙና መታጠብ፣ ጫማውን ቀኝና ግራ ለይቶ ማድረግ በቤት ሊለማመድ ይገባል። ጥብቅ ቁልፍ ያለው ሱሪ ለዚህ ዕድሜ አይመከርም፤ ባለላስቲኩ ይበልጣል። ጠዋት በችኮላ ሞግዚቷ ስታለብሰው ይህ ሁሉ ልምምድ ስለሚቀር፣ ቅዳሜና እሑድ ጊዜ ሰጥቶ ራሱ እንዲሞክር መተው ያሻል።

ለንግግርና ለቁጥር የተለየ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ ስኒ እየቆጠረ ይደርድር፤ በሊጥ ቅርጽ ይሥራ፤ ባቄላና ሽምብራ ይለይ። ይህ ጣቶቹን እርሳስ ለመያዝ ያበረታል፤ ጥራጥሬውን አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ እንዳይከት ግን ዓይን ሊለየው አይገባም። ማታ ተረት ነግሮ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅም አድምጦ የመመለስን ልምድ ያዳብራል። ይህን ሁሉ ቤተሰቡ በሚናገርበት ቋንቋ ማድረግ ይበቃል። ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ከመሸምደድ ይልቅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሐሳቡን መግለጽ የቻለ ሕፃን ለትምህርት የተሻለ መሠረት ይኖረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ፣ በቴሌቪዥንና በመሰል ስክሪኖች ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ንጋት 12 ሰዓት የሚነሣ ሕፃን፣ ሌሊቱን ብቻ 10 ሰዓት እንዲተኛ ከተፈለገ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። አባትና እናት ከሥራ አምሽተው በሚገቡበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም፤ ሰዓቱን ማስተካከሉ ትምህርት ከመከፈቱ 2 ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል።

በምዝገባው ዕለት ወላጅ ለመምህርቷ የሚነግራት ጉዳይም አለ። ሕፃኑ ሲጠሩት ደጋግሞ የማይሰማ ከሆነ ወይም ሥዕል ሲያይ ዓይኑን የሚያጨነቁር ከሆነ አስቀድሞ በጤና ተቋም ማስመርመርና ማሳወቅ ይገባል፤ ካልሆነ «አይታዘዝም» ተብሎ ከኋላ ሊቀመጥ ይችላል። የማይስማማው ምግብ ካለ፣ በቤት የሚጠራበት ስም ከመዝገቡ ስም የተለየ ከሆነ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ የሚጠቀምበት የራሱ ቃል ካለው እነዚህንም በወረቀት ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል።