መተማ በባርነት ታሪክ ጥናት

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከሱዳኗ የድንበር ከተማ ከገላባት ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ሲገቡ፣ ይህ የምዕራብ ጎንደር ቆላ የድንበር ከተማ እንደገና የሰው ፍልሰት በር ሆኗል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጉዞው በተቃራኒው ነበር፤ ከጊቤ አካባቢና ከጉሙዝ ምድር የተማረኩ ሰዎች በጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ በመተማም በኩል ለጀላባ፣ ማለትም ለሱዳን ተጓዥ ነጋዴ ይሸጡ ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ ከደርቡሽ፣ ማለትም ከሱዳን ማህዲስቶች ጋር የተዋጉት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሞት የጦርነትና የዲፕሎማሲ ታሪክ ጸሐፊዎችን ቀልብ ስለሳበ፣ ገበያው ለረጅም ጊዜ በጥላ ሥር ቀርቷል።

ጥላውን በይበልጥ የገፈፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር አብዱሰመድ አህመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ መተማ፣ ምፅዋና ታጁራ የባሪያ ወጪ ንግድ፣ በ1999 ደግሞ ስለ ቤላ ሻንጉልና ጉሙዝ የጻፏቸው ጥናቶች ንግዱን ከግብርና ከአስገባሪነት፣ ይኸውም ከመንግሥት ጉልበት ጋር ያያይዙታል። ለሴቶችና ለልጃገረዶች የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው ከወንዶች ይበልጥ ስለነበር፣ የጾታ ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ የጎን ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ሴትን ተጠቂ ብቻ አድርጎ ማየትም አያስኬድም፤ የቤላ ሻንጉሉ ገዥ የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና ራሷ ሰው እያሻገረች ትሸጥ እንደነበር መታወቁ ጉዳዩን ያወሳስበዋል።

አከራካሪው ነጥብ የመንግሥት ሚና ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለዋል፤ ዐፄ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1884 ከብሪታንያ ጋር ንግዱን ለማስቆም ተፈራርመዋል፤ በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ተከትሏል፤ ባርነት በሕግ የቀረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ከአዋጆቹ ጎን ባሪያን እንደ ግብር የሚቀበሉ ሹማምንት መኖራቸው ሲታይ፣ የአዋጆችን ዝርዝር ብቻ የሚተርክ ታሪክ የሚያሳምን አይደለም። ለጉሙዝና ለመሰሎቻቸው ሕዝቦች ይሰጥ የነበረው «ሻንቅላ» የሚለው አዋራጅ ስያሜም የቆዳ ቀለምን ለዘረፋ ማመካኛ አድርጎት ነበር።

ከአዋጆች ባሻገር የተበዳዮችን ታሪክ ለመፈለግ የሌላ አገር ጥናት አርአያ ይሆናል፤ አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሣራ ሄሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከባርነት ማብቃት በኋላ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት የታሰሩ ጥቁር ሴቶች የደረሰባቸውን በደል ከመንግሥት መዛግብት ፈልቅቀው አውጥተዋል። የመተማ ምንጮች ግን የተሸጡትን በአብዛኛው በቁጥርና በዋጋ እንጂ በስም አያውቋቸውም፤ ስለዚህ በመተማና በቋራ ከሚኖሩ የጉሙዝ ሽማግሌዎችና እናቶች አፍ የሚሰበሰበው ትውፊት የዚህ ጥናት ዋና ምንጭ ሊሆን ይገባዋል።