ቆላው የሚያስተምረው የሰውነት ትምህርት

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና መጀመሪያ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፎ ከደብረ ሲና አናት ብቅ ሲል ቁልቁለቱ ይጀምራል። ትንሽ እንደተወረደ ጆሮ ይደፈናል። አንዱ ምራቁን ይውጣል፣ ሌላው ያዛጋል፣ ልጅ የታቀፈች እናት ጡቷን ታጎርሳለች። ሁሉም የሚያሠሩት አንዲት ጡንቻ ነው።

ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር የያዘች ጠባብ ክፍል አለች። ይህች ክፍል ከአፍንጫ ኋላ ካለው የጉሮሮ ክፍል ጋር በቀጭን ቱቦ ትገናኛለች፤ ቱቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ወደ ቆላ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል። ክፍሏ ውስጥ የቀረው የደጋ አየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ድምፅም ይታፈናል። ሰው ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ ላንቃን የምትወጥረው ጡንቻ ቱቦውን ትከፍተዋለች፣ አየር ይገባል፣ ጆሮ ይከፈታል። የሕፃናት ቱቦ ከአዋቂ ሰው ይልቅ አጭርና አግድም የተኛ ነው። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ጆሮው ቶሎ የሚታመመው አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

የጤና ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚማራቸው ሁለቱ ትልልቅ ትምህርቶች እዚህ ጉዞ ውስጥ አሉ። ቱቦው የት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ጡንቻዋ ከየትኛው አጥንት እንደምትነሳ የሚያስተምረው አናቶሚ ነው። ግፊቱ ሲለወጥ ምን እንደሚሆንና ለምን እንደሚሆን የሚመልሰው ደግሞ ፊዚዮሎጂ። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንን፣ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሐኪም የሚሆነው ሁሉ በእነዚህ ሁለት በሮች ያልፋል። በሰሜን ሸዋ ይህ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ነው። ካምፓሱ የተሰየመው በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ነው፤ በኤደንብራ ተምረው የመጡ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲን በዲንነት የመሩ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበሩ።

አናቶሚ ተማሪውን በብዛቱ ያስደነግጠዋል። አጥንቱ ብቻ 206 ነው። የእጅ አንጓ ላይ ብቻ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች ተደርድረዋል፤ ስማቸው ደግሞ ላቲንና ግሪክ ነው። በብዙ የአገራችን ትምህርት ቤቶች የአስከሬን እጥረት አለ፤ ተማሪው የጎደለውን በፕላስቲክ ሞዴልና በሥዕል ይሞላል። ሆኖም ባዶ እጁን አልመጣም። በበዓል በግ ሲታረድ አጠገብ ቆሞ ያደገ ልጅ ሐሞት ከጉበት ሥር እንደተለጠፈች፣ ስትወጣም እንዳትፈስ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልጋት ያውቃል። ሳንባው በአየር ሲነፋ አይቷል። የሚቀረው ልዩነቱን መለየት ነው፦ የበግ ጨጓራ አራት ክፍል ሲኖረው የሰው ግን አንድ ነው።

ፊዚዮሎጂ ላይ ግን ሌላ ችግር አለ፤ ሊወራበት የሚገባውም እሱ ነው። በዓለም ዙሪያ በብዙ ኮሌጆች የሚነበበውን የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ የጻፈው አርተር ጋይተን በአሜሪካ ሚሲሲፒ ያስተምር ነበር። አገሩ ዝቅተኛ ነው፤ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። መጽሐፉ "ጤናማ" ብሎ የሚነሳበት ሰው 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የአየር ግፊት ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ግፊቷ ወደ 540 ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ስላለች ግፊቷ 650 ገደማ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ሰውነት የሚተነፍሰው አየር ይህን ያህል ይለወጣል ማለት ነው። ተማሪው የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ ሸምድዶ ከወጣ፣ የሚያክመውን ሰው ሳይሆን የሚሲሲፒን ሰው ነው የተማረው።

ስለ ደገኛው ኢትዮጵያዊ ሰውነት የምናውቀው ነገር በራሱ አስገራሚ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ለአየሩ ስስነት መልስ የሚሰጡት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢናቸውን ከፍ በማድረግ ነው። ቲቤታውያን ሄሞግሎቢናቸው ብዙም ከፍ አይልም፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። ኢትዮጵያውያኑ ሁለቱንም አልመሰሉም። ሄሞግሎቢናቸውም፣ የደማቸው የኦክስጅን መጠንም (በአማካይ 95.3 በመቶ) ከባሕር ወለል ነዋሪ ብዙም አይለይም ነበር። ይህ ለደብረ ብርሃን ተማሪ የሩቅ ወሬ ሊሆንበት አይገባም።

መምህራን ቢያስቡበት የሚበጅ ቀላል ሙከራ አለ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ዛሬ በየጤና ተቋሙ የምትገኝ ዕቃ ናት። ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሸዋ ሮቢት ወዳለችበት የይፋት ቆላ ሲወርዱ ያው ተማሪ ያው ጣቱን ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በርና ሸዋ ሮቢት ላይ ይለካ። የልብ ምቱንም ይመዝግብ። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚይዝበትና የሚለቅበት የተጠማዘዘ መስመር በየፈተናው ይመጣል፤ ከላይ ጠፍጣፋ መሆኑን በገዛ ጣቱ ያየ ተማሪ ግን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ቆላው ከዚህም በላይ ያስተምራል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀዌት ማሳ ላይ ማሾ ለመልቀም ከደጋ የወረደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀቱ ያደክመዋል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ከላቡ ጋር ግን ውኃና ጨው ይወጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውነት ይለምዳል። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ ላቡ ቀድሞ ይጀምራል፣ ጨው ደግሞ ያንሰዋል። ይህን የጨው ቁጠባ የሚያዝዘው ኩላሊት ላይ ከተቀመጠው ዕጢ የሚወጣው አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ነው።

የቆላው ከባድ ትምህርት ወባ ነው። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት አንዱ መነሻ በአቅራቢያው በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወባ ወትሮ እምብዛም ወደማይደርስባቸው ከፍ ያሉ ቦታዎች ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በሽታውን ደጋግሞ ያላየ ሰውነት የመከላከል አቅም አልገነባምና ጉዳቱ የከፋ ሆነ።

በቀትር ሙቀት ጋቢ ደራርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለሸዋ ሮቢት ጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። አእምሮ ሥር ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ሃይፖታላመስ፣ የሰውነት ሙቀት ከፍ እንዲል አዟል፤ ሰውነቱ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ብርድ ይሰማዋል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ጡንቻዎች እየተንቀጠቀጡ ሙቀት ያመነጫሉ። ትኩሳቱ ከፍ ብሎ ትእዛዙ ሲወርድ ደግሞ ላብ ያጠምቀዋል።

ወባ ጣፊያን ስለሚያሳብጥ ቀጥሎ አናቶሚ ይመጣል። ታማሚው በጀርባው ይተኛል፣ ጉልበቱን ያጥፋል። መርማሪው ጣቶቹን ከሆድ ቀኝ ታችኛው በኩል ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ግራ ጎድን ይወጣል፤ በየደረጃው "በረጅሙ ተንፍስ" ይላል። ጤነኛ ጣፊያ ከዘጠነኛው እስከ አሥራ አንደኛው ጎድን ሥር ስለምትደበቅ እጅ ላይ አትገኝም። ያበጠች ጣፊያ ግን ወደ እምብርት አቅጣጫ ታድጋለችና፣ አየር ሲገባ ድያፍራም ወደ ታች ሲገፋት ጫፏ ጣት ትነካለች። የእጅ ጉዞ ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ከጎድን ሥር የጀመረ መርማሪ በጣም ያበጠችውን ጣፊያ ጫፏን ሊስታት ይችላል።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በአብዛኛው ዳፊ በተባለ የሴል ምልክት በኩል መሆኑን ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳይተዋል። በምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው ይህ ምልክት ስለሌለው ቫይቫክስ ብርቅ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ምልክቱ ያለውም የሌለውም ሰው ስላለ በሽታው ይመላለሳል። የቫይቫክስ ጥገኛ ተውሳክ ጉበት ውስጥ ለወራት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ትኩሳቱ የለቀቀው ገበሬ "ድኛለሁ" ብሎ ጉበት ውስጥ የተኛውን ተውሳክ የሚገድለውን የ14 ቀን ፕሪማኪን በአራተኛው ቀን ቢያቆም፣ ደሙ ቢጠራም ጉበቱ አልጠራም። መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለባት። በተጨማሪም ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ቀይ የደም ሴላቸው በዚህ መድኃኒት ሊፈርስ ስለሚችል፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው እንዲመለስ ትነግረዋለች።